ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ

ዌንደል በሱቁ በር ገብቶ ቆቡን ሲያወልቅ ዴልፊና ምን ሊላት እንደመጣ አወቀች። ያንን ፊት ሁለት ዓመት ሙሉ አንብባዋለች። ለሮኬቱ ቀን የተቆረጠለት እንደሆነ ጉንጩ ይቀላል፤ አንዳች ቧንቧ ያፈሰሰ እንደሆነ ከንፈሩን ይነክሳል፤ ቀኑ የተላለፈ እንደሆነ ደግሞ፣ ልክ አሁን እንደሚያደርገው፣ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ጠርዙን እየዳሰሰ ያዞረዋል።

«አትንገረኝ» አለችው። እጇ ሽሪምፕ በሚባሉ የዓሣ ማጥመጃ ትናንሽ የባሕር እንስሳት በሞላ ባልዲ ውስጥ ነበር፤ አላወጣችውም።

«ዴልፊ…»

«አትንገረኝ አልኩህ። ቅዳሜ ነበር፤ እሑድ ሆነ። አይደል?»

«ንፋስ ነው። ከደመናው በላይ ያለው ንፋስ ነው እንጂ እነሱስ ተዘጋጅተው ነበር።»

«እሑድ ስንት ሰዓት?»

ቆቡ አንድ ዙር ዞረ። «ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይሆንም» አለ።

ይህች «በፊት አይሆንም» ናት እንግዲህ የዴልፊናን ዕድሜ የበላችው። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያ ሁለት ክንድ ያለው የብረት ግንብ ከቆመ ወዲህ፣ ሮኬት ለማየት ወደ ወደብ ከተማቸው ወደ ፖርት ኢዛቤል የሚጎርፉት ሰዎች ሁሉ የሚናገሩት እንዲህ ነው። «ማክሰኞ ይወነጨፋል» የሚል ከመካከላቸው አይገኝም፤ ቢገኝም አዲስ መጤ ነው ተብሎ ይታዘንለታል። «ከማክሰኞ በፊት አይሆንም» ይላሉ። ማክሰኞ ሳይሆን ሲቀር ማንም ዋሸ አይባልማ። ለሮኬት ደግ ንግግር ነው። ዌንደል ግን ንግግሩን ወደ ሰው ቤት ይዞት ገባ። ለምሳ ሲጠራ «ከሰባት ሰዓት በፊት አልደርስም» ይላል። ሽማግሌ መቼ ትልካለህ ስትለው «ከፋሲካ በፊት አይሆንም» አላት፤ እሷም የዋህ ናትና ለፋሲካ ማግስት ቀሚስ አሰፋች።

ሰውየው ከነብራስካ የመጣው ለአንድ ሳምንት ነበር። አንድ የሙከራ ሮኬት አይቶ ሊመለስ። ሮኬቱ ዛሬ ነገ ሲባል፣ ዛሬ ነገ ሲባል እሱም ከነተጎታች ቤቱ እዚያው ቀረ፤ የሰው ቤት ማቀዝቀዣ እየጠገነ ይኖራል፣ የሙከራ ቀን ደግሞ ካሜራውን ከከተማው ፊት ለፊት ባለው ደሴት ጫፍ ተክሎ በየአገሩ ላሉ ቢጤዎቹ በቀጥታ ያስተላልፋል። መጀመሪያ የተዋወቁትም እዚሁ ሱቅ ውስጥ ነው። ለእራት ነው ብሎ የዓሣ ማጥመጃውን ሽሪምፕ ገዝቶ ሄደ፤ በማግስቱ ተመልሶ «ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይሸታል እንጂ» ሲላት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ያን ጊዜ እንደሳቀች ብትቀር ምን ነበረበት?

«ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለችው አሁን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አውቃለሁ።»

«አባባ ሁለቴ ወንበር ደርድረው ሁለቴ አንስተዋል።»

«አውቃለሁ፣ ዴልፊ።»

«ታውቃለህ። ሁሉን ታውቃለህ። የነዳጁን ቅዝቃዜ ታውቃለህ፣ የሞተሮቹን ተራ በቃልህ ትወጣዋለህ። እኔ ስንት ዓመቴ ነው?»

«ሠላሳ አራት።»

«ሠላሳ አምስት። ባለፈው ሳምንት ሞላኝ። የዚያን ዕለት ደውለህ ስለ አንድ ቫልቭ ስታወራኝ አመሸህ።»

ዌንደል አንገቱን ደፋ። ለመቆጣት የማይመች ሰው ነው፤ ሲሰድቡት አይመልስም፣ ሲያባርሩት አይርቅም። ይህም ራሱ ያበግናታል።

በካቫዞስ ቤት ወንድ ራሱ መጥቶ ልጅ አይጠይቅም። ሁለት የተከበሩ ሰዎች ይዞ ይመጣል፤ እነሱ ይናገራሉ፣ እሱ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዛሬ ዛሬ ይህን የሚጠብቅ ቤተሰብ በከተማው ጥቂት ነው፤ የዴልፊና አባት ዶን ኤሊሴዮ ካቫዞስ ግን ከጥቂቶቹ አንዱ ናቸው። የመጀመሪያው ቀጠሮ ሲቆረጥ የሮኬቱ ቀን ተላልፎ ተላልፎ እዚያው ዕለት ላይ ዋለ፤ ዌንደል ቀረ። ሁለተኛውም እንደዚያው። በመካከሉ ደግሞ ያ የጭብጨባ ጉዳይ አለ። ዶን ኤሊሴዮ ክረምቱን ሙሉ ያደሱት የጀልባቸው ሞተር በመጀመሪያው ሙከራ ጭሶ ጭሶ ሲቃጠል፣ መቆሚያው ላይ ከቆሙት ሰዎች መሀል አንድ ሰው አጨበጨበ። ዌንደል ነበር። እነሱ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ሮኬት ሲፈነዳ ያጨበጭባሉ፣ አንድ ነገር ተማርንበት ይላሉ። ክፋት አልነበረበትም። ዶን ኤሊሴዮ ግን በዘይት የጠቆረ እጃቸውን እየጠረጉ «ሞተሬ ሲቃጠል ያጨበጨበ ሰው፣ የልጄ ትዳር ሲቃጠል ምን ሊያደርግ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ስማኝ» አለች ዴልፊና፤ እጇን ከባልዲው አወጣች። «እሑድ ካልመጣህ በሩን የሚዘጉብህ አባባ አይደሉም። እኔ ነኝ። ለእሳቸው አልተውላቸውም፤ በራሴ እጅ ነው የምዘጋው።»

ዌንደል ቆቡን ማዞሩን አቆመ። «ካሜራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» አለ። «ዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ።»

«ዘጠኝ ሰዓት?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

ሌላ ቃል አልጨመረበትም። እንዲህ ያለ ባዶውን የቆመ ሰዓት ከአፉ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ከሄደ በኋላም የበሩን መዝጊያ ስታይ ቆየች። ልታምነው ፈለገች፤ ማመን ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ልክ እንደ ጠባብ ጫማ ነበር፤ እግሯን አስገብታ እንደገና አወጣችው።

*

እሑድ ቅዳሴ ላይ ጸሎቷ ጠፋባት። ንፋሱ ይንፈስና ቀኑ ይተላለፍ ብላ ልትለምን ጀመረች፤ ሁለት ሰው ለማጋባት ሰማይን አናውጥ ማለት አሳፈራት። ሮኬቱ ይሂድ ልትል አሰበች፤ እሱም ልቧን ከበደው። መጨረሻ ላይ «ትዕግሥቴ አልቋል፤ ከአንተ ሌላ የት እሄዳለሁ» ብላ ተቀመጠች። እንዲህ ያለው ጸሎት ቃሉ ጥቂት ቢሆንም ሰሚ አያጣም።

ቤት ስትደርስ አክስቷ ሶሌዳድ ቀረፋ የተነሰነሰበትን ብስኩት በትልቁ ሰሃን ይደረድራሉ። ሳሎኑ ግን ተለዋውጧል። ዘወትር ግድግዳውን ተደግፎ የሚኖረው ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ተነስቶ ከትልቁ መስኮት ሥር ተቀምጧል። ያ መስኮት ወደ ደቡብ ያያል፤ ሰላጤውን አሻግሮ ግንቡን ያሳያል።

«ይህን ወንበር ማን ነካው?»

«አባትሽ። ጠዋት ብቻውን ጎተተው። ወገቡን ሊያመው ነው፣ የእኔን ቃል መቼ ይሰማል።»

«ለምን?»

«እንግዶቹ ይቀመጡበት ዘንድ ነው አለ። እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ወንዶች የቤት ዕቃ ሲያንቀሳቅሱ ዝም ብሎ ማየት ነው።»

ዌንደል ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ። አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ የካርቶኑ እጥፋት ሳይወጣለት፤ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቷል። ከኋላው ሁለት ሽማግሌዎቹ ተከተሉት። አንደኛዋ ሚስ ኦፓል፣ ከኦክላሆማ የመጡ ጡረተኛ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ፤ ሁለተኛው ዮስት የሚባሉ፣ መርከብ ሲበይዱ አርጅተው ሮኬት ሊያዩ ከሆላንድ ድረስ የመጡ ረጅም ሰው። ሁለቱም እንደ ዌንደል ያሉ ናቸው፤ ሁለቱም ለዛሬ ሲሉ ደሴቱን ትተው መጥተዋል።

አክስት ሶሌዳድ በር ላይ የዳቦ ቅርጫት ይዘው ጠበቋቸው። «ስልካችሁን እዚህ ውስጥ። ልጅ እየጠየቁ ስልክ ማየት የለም።»

ሚስ ኦፓል ስልካቸውን ሲያስገቡ ልጃቸውን ለሰው የሚሰጡ ይመስሉ ነበር።

ሦስቱም በአግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ዴልፊና ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው፤ ሦስቱም ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተዋል። ፊት ለፊታቸው የዶን ኤሊሴዮ ወንበር ባዶውን ቆሟል።

«ወንድሜ አሁን ይመጣል» አሉ አክስት ሶሌዳድ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዶን ኤሊሴዮ አልመጡም።

«አሁን ይመጣል።»

«ምንም አይደል» አሉ ሚስ ኦፓል። «እኔ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሙሉ ልጅ ጠብቄ ነው ያረጀሁት። መጠበቅ አይከብደኝም።» እግራቸው ግን ወለሉን ይደበድባል።

ከወጥ ቤት፣ ከቅርጫቱ ውስጥ፣ ስልኮቹ ማጉረምረም ጀመሩ። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል።

«ቅርጫቴ ውስጥ ንብ ገባ እንዴ?» አሉ አክስት ሶሌዳድ።

«ነዳጅ መሙላት ጨርሰዋል ማለት ነው» አሉ ዮስት፣ ለማንም ሳይሆን ለጉልበታቸው።

«ምን አሉ?»

«ቤቱ ያምራል እያልኩ ነው።»

ዴልፊና ሳትፈልግ ወደ ዌንደል አየች። ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፣ ጆሮው እንደ ፍም ቀልቷል። ቅርጫቱ ባጉረመረመ ቁጥር የአንገቱ ጅማት ይዘላል። እሱም አያት። እንዲህ ነው የሚያየኝ ብላ የምትኮራበት ዓይን አልነበረም፤ ጥርሱን ሊነቅሉት የተቀመጠ ሰው ዓይን ነው። ግን ከእሷ ላይ አልተነሳም። ወዲያው ደግሞ በአባቷ ላይ የነበራት ትዕግሥት ተሟጠጠ።

«እኔ እጠራቸዋለሁ» ብላ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ፣ የተናደደችው በማን ላይ እንደሆነ ለይታ መናገር አትችልም ነበር። ሁሉም እኩል ይመስሏት ነበር።

*

ዶን ኤሊሴዮ ሩቅ አልሄዱም። በጀልባቸው መቆሚያ ላይ፣ በተገለበጠ ባልዲ ተቀምጠው፣ የእሑድ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ወደ ደቡብ ያያሉ። በዚያ ቀን ጀልባ ወደ ባሕር አይወጣም፤ የሙከራ ቀን የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ውሃውን ይዘጉታል፣ የባሕር ዳርቻውም መንገድ ይዘጋል። ዶን ኤሊሴዮ በልጅነታቸው ፋሲካን ያሳለፉበት አሸዋ ነው።

«አባባ፣ ሰዎቹ ተቀምጠዋል።»

«አይቻለሁ። ሲገቡ አይቻቸዋለሁ። ከሰዓቱ ቀድሞ ነው የመጣው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ይቀመጡ።»

ዴልፊና አየቻቸው፤ ከዚያ ዓይናቸው ወዳለበት ወደ ግንቡ አየች፤ ከዚያ የአግዳሚው ወንበር ነገር ገባት። «ሆን ብለው ነው» አለች።

ዶን ኤሊሴዮ ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ያ ነገር ሲወጣ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ መቆየት ይችል እንደሆነ ልየው ብዬ ነው። ዞሮ ካየም፣ ሮጦ ከወጣም ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ። ከተቀመጠ ገብቼ አናግረዋለሁ። ሴት ልጅ የምሰጠው ሰው ምን እንደሚያስበልጥ ማወቅ አለብኝ።»

«እኔ ሞተር ነኝ እንዴ? እያስነሱ የሚፈትኑኝ?»

«አንቺን አልፈተንኩ። እሱን ነው።»

«ሁላችሁም አንድ ናችሁ» አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ መንቀጥቀጡ ራሱ አናደዳት። «አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ለአቅመ ሔዋን ደረሰች ተብሎ የተደገሰልኝን ዕለት ያስታውሳሉ? አዳራሹ ተከራይቶ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሼ፣ ከአባቷ ጋር ትጨፍር ሲባል አብሮኝ የጨፈረው ማን ነበር?»

ዶን ኤሊሴዮ ባርኔጣቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ።

«አጎቴ ነበር። እርስዎ ባሕር ላይ ነበሩ። የሽሪምፑ ወቅት የተከፈተው የዚያን ዕለት ነበርና። የመጀመሪያው ቀን ካመለጠ ዓመቱ አመለጠ ይሉ ነበር። እናቴ አንዲት ቃል ተናገረችዎት? ወንበር አዙራ አስቀመጠችዎት? መርከቦቹ ሲወጡ ጀርባዎን ሰጥተው ይቀመጡ አለችዎት? መረቡን የጠገነችልዎት እሷ ነበረች። እያለቀሰች ነበር የጠገነችው፤ ግን ጠገነችው።»

አንድ ፔሊካን ከምሰሶው ላይ ተነስቶ ዝቅ ብሎ በረረ። ዶን ኤሊሴዮ በዓይናቸው ተከተሉት።

«እኔ ያ ሰው ያበግነኛል» አለች ዴልፊና፤ «ዕድሜዬን በልቶታል፣ ያስለቅሰኛል። ግን የሚወደውን ነገር በር ላይ አንቆ የገባ ሰው ለእኔ ምን ይተርፈኛል?»

መልስ አልጠበቀችም። ከየመኪናው ሬዲዮና ከየግቢው ድምፅ ማጉያ ቆጠራው ሲወርድ እየሰማች፣ ወደ ቤት ሮጠች። ለሮኬት ስትሮጥ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው፤ ይህንንም እያሰበች የበለጠ ተናደደች።

*

«ተነስ» አለችው ከበሩ ሳትገባ።

ዌንደል አልተነሳም።

«ተነስ ዌንደል፣ ሊሄድ ነው። ቆጠራው አልቋል።»

ሚስ ኦፓልና ዮስት ተያዩ። ሚስ ኦፓል ቦርሳቸውን ጥብቅ አድርገው ያዙ፤ ከዚያ ለቀቁት። «ሰባ አንድ ዓመቴ ነው» አሉ። «እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል። አንተ ግን ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጄ።» ተነስተው ከዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ወደ በረንዳው ወጡ። ዮስትም ተከተሏቸው። ሽማግሌዎቹ ሸሹ፤ በረጅሙ አግዳሚ ላይ ጠያቂው ብቻውን ቀረ።

«አንተስ ምን ትጠብቃለህ?»

«አባትሽን።»

«አባቴ አይመጡም። ሆን ብለው ነው። ውጭ ተቀምጠው እየፈተኑህ ነው፣ ወንበሩንም…»

«ገብቶኛል» አለ ዌንደል። «ስቀመጥ ነው የገባኝ።»

ዴልፊና ወደ ውስጥ ገባች። «ታዲያ ምን ሆነህ ተቀመጥክ?»

«ሁለቴ ወንበር አስነስቻለሁ።» በዝግታ ነው የሚናገረው፣ ከንፈሩ ደርቋል። «ሁለቴ አንቺ ለብሰሽ፣ ምግቡ ቀርቦ፣ እኔ እዚያ ማዶ ሰማይ ሳይ ነበር። መጠበቅ አውቃለሁ እል ነበር፣ ዴልፊ። የሚመጣ ነገር መጠበቅ ነው የማውቀው። የማይመጣ ሰው መጠበቅ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ዛሬ ትንሽ ቀመስኩት።»

«ቅመሰው፣ ደግ። አሁን ተነስና እይ።»

«አልነሳም።»

«ልመታህ ነው።»

«ምቺኝ።»

ያን ጊዜ የክፍሉ ግድግዳ ብርቱካንማ ሆነ። ድምፅ የለም፤ ብርሃን ብቻ። የዌንደል ጥላ ከእግሩ ሥር ወጥቶ ወለሉ ላይ ረዘመ። ዓይኑን ጨፈነ። ዴልፊና ፊቱን አየች፤ መስኮቱን አየች፤ ከዚያ እየረገመች ወደ መስኮቱ ሄዳ ከወንበሩ ጀርባ፣ ከትከሻው አጠገብ ቆመች።

«ጢሱ ግንቡን ዋጠው» አለች።

ዌንደል የወንበሩን ጠርዝ ያዘ።

«ወጣ። ግንቡን አለፈ።»

«ያዘነብላል?»

«አያዘነብልም። ቀጥ ብሎ ነው።»

«ሞተሮቹ ሁሉ በርተዋል?»

«ዝም በል፣ ልይበት። አዎ። ክቡ ሙሉ ነው፤ ጎደሎ የለውም። ባለፈው አንድ ወገን ጨልሞ ነበር፣ አሁን አልጨለመም።»

ይህን ማወቋን እሷ ራሷ አላወቀችም ነበር። ሁለት ዓመት አልሰማህም፣ አታውራኝ ስትለው፣ ለካ እየሰማች ነበር።

ድምፁ ያን ጊዜ ደረሰ። መጀመሪያ በወለሉ በኩል መጣ፣ ከዚያ በደረት። በባለመስታወቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ብርጭቆዎች ተንጫጩ፤ አክስት ሶሌዳድ ከወጥ ቤት «ድንግል ሆይ» እያሉ ሰሃኑን አቀፉት። ዴልፊና ድምፁን ለማሸነፍ ጎንበስ ብላ በጆሮው ትነግረው ጀመር። እሳቱ ነጭ ሆነ። ደመናውን በሳው። አነሰ። አሁን እንደ ኮከብ ነው። አሁን ሁለት ሆነ፤ ላይኛው ሄደ፣ ታችኛው ተገለበጠ።

«እየተመለሰ ነው?»

«እየተመለሰ ነው።»

ዌንደል ሁለት ዓመት የጠበቀው ይህንን ነው። ታችኛው ክፍል በመጣበት ሰማይ ተመልሶ፣ በቁሙ፣ ግንቡ በሁለት ክንዱ እንዲይዘው። አንድም ቀን ሆኖ አያውቅም። አንዴ ባሕር ላይ ፈነዳ፣ አንዴ አየር ላይ ተበተነ፣ አንዴ አሸዋው ላይ ተሰባበረ። ዌንደል ሁሉንም አይቷል፤ ለሁሉም አጨብጭቧል።

«ይወድቃል» አለች ዴልፊና። «በጣም ይፈጥናል። እንደ ምሰሶ ነው የሚወርደው። ዌንደል፣ ሞተሩ አልበራም። አይበራም።»

«ቆይ።»

«አልበራም እልሃለሁ።»

«ቆይ፣ ዴልፊ። ገና ነው።»

እጇ ትከሻውን ጨምድዶ ነበር፤ መቼ እንደያዘችው አታውቅም። «በራ» አለች። «በራ። ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ቀስ እያለ ነው። ወደ ጎን ይሄዳል፣ ወደ ግንቡ። ክንዶቹ ተከፍተዋል። ገባ። በመሀላቸው ገባ። ክንዶቹ ተዘጉ።» ድምፅዋ ጠፋባት።

«ዴልፊ?»

«ቆመ።»

«ምን አልሽ?»

«ቆመ። ግንቡ ይዞታል። ይጨሳል እንጂ ቆሟል።»

ከሮኬቱ ወደ ኋላ የቀረ ሁለት ነጎድጓድ ተከታትሎ መስኮቱን መታው። ከዚያ ከደሴቱ የመኪና ጥሩምባ፣ ከወደቡ የጀልባ ጥሩምባ፣ ከበረንዳው የሚስ ኦፓል ለቅሶ መጣ። ዌንደል ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። ትከሻው በእጇ ሥር ይንቀጠቀጣል። ዞሮ ግን አላየም።

እሱን ስታይ የዴልፊና ንዴት ገንፍሎ ወጣ። «ሁለት ዓመት ወደቀ» አለችው እያለቀሰች፤ «ፈነዳ፣ ሰጠመ፣ ተበተነ፤ አንዱም አላመለጠህም። ጀርባህን ሰጥተህ በተቀመጥክበት ቀን ይቆማል? ምን ዓይነት ሰው ነህ? አሁን እንኳ ዙር። ቆሟል፣ አይሄድም፣ ዞረህ እየው።»

«አባትሽ አልመጡም» አለ ዌንደል ከመዳፉ ውስጥ።

«መጥቻለሁ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ዶን ኤሊሴዮ በሩ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ የሚያውቅ የለም። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ዌንደልን አዩት፤ በግራና በቀኙ ያለውን ባዶ ቦታ አዩት።

«ሽማግሌዎችህ የት አሉ?»

ዌንደል አፉን ከፈተ። ጠያቂ ራሱ እንደማይናገር ትዝ አለውና ዘጋው። በተከፈተው በር በኩል ሚስ ኦፓልና ዮስት ተቃቅፈው በረንዳው ላይ ሲወዛወዙ ይታያሉ፤ እነሱን ከዚያ የሚያመጣ ኃይል በምድር ላይ አልነበረም። ዶን ኤሊሴዮ ጠበቁ። የሚናገርለት ሰው የሌለው ጠያቂ እንዳልመጣ ይቆጠራል፤ ይህን በዚህ ቤት ሁሉም ያውቃል።

ዴልፊና እንባዋን በክርኗ ጠረገች። ከወንበሩ ጀርባ ዞራ መጣች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ በአግዳሚው ላይ ከዌንደል ጎን ተቀመጠች። ከአባቷ ፊት ለፊት።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

«ሽማግሌ ነኝ» አለች።

«ዴልፊና።»

«ከዚህ ሰው ወገን ነኝ። ልጅዎን ልጠይቅለት መጥቻለሁ።» ድምፅዋ እንደገና ተንቀጠቀጠ፤ አሁን ግን አላናደዳትም። «ስለ ሰውየው የምናገረው አለኝ። ቀጠሮ አያከብርም። የሰው ልደት ይረሳል። ማጨብጨብ በማይገባው ቦታ ያጨበጭባል። ነገር ግን አይዋሽም፤ ሲሰድቡት አይሰድብም፤ ዛሬም ሁለት ዓመት የጠበቀው ነገር ከጀርባው ሲያልፍ ለእርስዎ ክብር ብሎ አልዞረም። ልጅዎን ይወዳታል። ልጅዎም፣ ቢያበግናትም፣ ትወደዋለች። የመጣሁት ይህን ልል ነው።»

አክስት ሶሌዳድ በወጥ ቤቱ በር ላይ ሰሃኑን እንዳቀፉ ቆመዋል። «ኤሊሴዮ» አሉ ለስለስ አድርገው።

«ዝም በይ፣ ሶሌዳድ።» ዶን ኤሊሴዮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባባቶቻችን ልማድ መልስ በዕለቱ አይሰጥም። ሌላ ቀን ይቆረጣል።»

«ሌላ ቀን አንቀበልም» አለች ሽማግሌዋ። «ቀን መቀበል ሰልችቶናል።»

ዶን ኤሊሴዮ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ ግንባራቸው ላይ ባርኔጣው የነበረበት ቦታ ነጭ ነበር። «ያ ነገር ሲወርድ እኔም አላየሁትም» አሉ። «ከውጭ ስመጣ ድምፅሽን ሰማሁ። በሩ ላይ ቆሜ አንቺን ሳዳምጥ አመለጠኝ። እንደዚያ አድርገሽ ስትናገሪ ሰምቼሽ አላውቅም።» መስኮቱን በዓይናቸው ዳሰሱት፤ ዌንደልን አዩት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁለታችሁም ታደክሙኛላችሁ። እንግዲህ ምን እላለሁ። ውሰጂው።»

ዌንደል እጇን ሲፈልግ ተሰማት፤ ሰጠችው። መዳፉ በላብ ርሷል። ሳይመጣ ስለቀረባቸው ሁለት ቀጠሮዎች፣ ስለ ልደቷ፣ ስለ ቫልቩ፣ አሁንም ሳይዞር ስለተቀመጠው ስለዚያ ግትር አንገቱ የምትናገረው ብዙ ነገር ነበራትና ለመጀመር ንዴቷን ፈለገችው። ባስቀመጠችበት ቦታ የለም። ሌላም ቦታ ፈለገችው፤ አጣችው።